በሕግ አምላክ የቆመው ወንዝ

«በሕግ አምላክ፣ ቁም» ያልሁት ደምለውን ነበር። የቆመው ግን ወንዙ ነው።

ወሩ መስከረም ነው፤ ሰምበሌ ወንዝ ገና አልጎደለም። ደምለው ጎረቤቴ ነው። ቀፎዬን ከግራሩ ላይ አውርዶ፣ አፉን በጭድ ወትፎ፣ በትከሻው ተሸክሞ ወደ ወንዙ ሲወርድ አየሁት። ጠራራ ፀሐይ ነበር፤ ለመደበቅም አልሞከረም። ተከተልሁት። ጉልበቴን ስለሚያመኝ አልደረስሁበትም። እሱ ውሃው መሐል ገብቶ እስከ ደረቱ ሲደርስ እኔ ገና አፋፉ ላይ ነበርሁ። ስለዚህ ሸሺ እንዳያመልጥ፣ ተጣዪም እንዳይገዳደል የሚቆምበትን ያን የድሮ ቃል ተናገርሁ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ደምለውን አዳለጠውና ሰጠመ። ውሃውም ቆመ።

ቆመ ስል አልደረቀም፤ አልረጋምም። ሞገዱ እንደተነሣ፣ አረፋው እንደነጣ ቀረ። አንድ የዋንዛ ቅጠል እየተሽከረከረ ይወርድ ነበር፤ ግማሽ ዙር ላይ ሲደርስ እሱም ቆመ። ድምፅም ጠፋ። በዚህ ወንዝ ዳር ተወልጄ ስላደግሁ ያለ ድምፁ የዋልሁበት ቀን አልነበረም። መጀመሪያ የደነቆርሁ መስሎኝ ጆሮዬን ጎረጎርሁ።

ወርጄ በምርኩዜ ነካሁት። ሳንቃ እንደ መምታት ነው። አንድ እግሬን አስቀድሜ፣ ከዚያም ሌላውን፣ እየሞከርሁ ገባሁበት። ቻለኝ። እግሬ ረጠበ እንጂ አልሰመጠም። ደምለው መሐል ላይ፣ ከውሃው ገጽ አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። ዓይኑ ተከፍቷል። ቀኝ እጁ እስከ አንጓው ከውሃው በላይ ቀርቷል። ቀፎዬ ከእጁ አጠገብ ውሃው ላይ ተቀምጧል፤ ውታፉ ወልቆ ንቦቹ እየወጡ ወደ መጩ አበባ ይሄዳሉ። እጁን ያዝሁት። ሙቅ ነው። የደም ሥሩን ዳሰስሁ፤ ይመታል። ሳብሁት። ወንዙን በሙሉ፣ ከምንጩ ጀምሮ፣ እንደ መሳብ ሆነብኝ። ተውሁት።

የላይ አምባ ሰው ተሰበሰበ። ላይ አምባ የእኛ መንደር ነው። ድጅኖ መጣ፤ የድጅኖው ጫፍ ታጠፈ እንጂ ውሃው አልተጫረም። መጥረቢያውም እንዲሁ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ወደ አባ ክንፉ ዞረ። አባ ክንፉ የአጥቢያችን አዛውንት ቄስ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ በሙግት ሥርዓት ግን የሚጠየቁት እርሳቸው ናቸው።

«ስም ጠርተሃል?» አሉኝ።

«አልጠራሁም፤ ቸኩዬ ነበር።»

«ከኋላ ሆኖ የሚያስቆም ሰው ስም ይጠራል። ካልጠራ ቃሉ የሚይዘው አስቀድሞ የሰማውን ነው። ደምለው ጆሮው ውሃ ገብቶበት ነበር። ውሃው ግን ሰማ።»

በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃም ይቆማል ሲባል ሁላችንም ሰምተን አድገናል። የውሃውን በኩል ያየ ግን አልነበረም። ያም ሆኖ ብዙ የተገረመ የለም። አንዳንዱ «ይባል ነበር» ብሎ ወደ አረሙ ተመለሰ።

የቆመን የሚለቅ ያው ያቆመው ሰው ነው። «ሂድ» ሲለው ይሄዳል። የቀበሌው ጸሐፊ ሙሉሰው ግን ልሞክር ብሎ ውሃው ላይ ቆመና «ሂድ» አለ። ዝም። «በቀበሌው ስም ሂድ» አለ። ዝም። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ አየ። እኔ ደግሞ ወደ ደምለው አየሁ። ከዚያ ቦታ ዝቅ ብሎ ፏፏቴ አለ፤ ወደዚያ ፏፏቴ ወርዶ በሕይወት የወጣ የለም። «ሂድ» ብል ውሃው ይሄዳል፤ ደምለውንም ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ አላልሁም።

ከላይ የሚመጣው ውሃ እየደረሰ ከቆመው ኋላ ቆመ፤ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ተራ እንደሚጠብቅ ባለጉዳይ፣ ሳይጋፋና ሳያልፍ። ገበያተኛው ድልድዩን ትቶ በወንዙ ላይ ይሻገር ጀመር። አህዮቹ ለጥቂት ጊዜ አሻፈረኝ አሉ፤ ኋላ ለመዱ። ሰው ደምለው ጋ ሲደርስ ዞሮ ያልፋል፤ ሳያይ የረገጠውም ይቅርታ ይጠይቀዋል። ከወረዳ አንድ ፖሊስ መጥቶ አየው። ሞቷል ብሎ እንዳይጽፍ እጁ ሙቅ ነው፤ በሕይወት አለ ብሎ እንዳይጽፍ ቃሉን አይሰጥም። ሲሞት ወይም ሲናገር ጥሩኝ ብሎ ሄደ።

እኔ ያን ቃል መናገር ተውሁ። ሰው «ሂድ» ማለትን በቀን ስንቴ እንደሚለው የሚያውቀው ሲጠነቀቀው ነው። ውሻዬን አላባርርም። አህያዬን የምነዳው ከፊቷ ሆኜ «ነይ» እያልሁ ነው። ለአህያዪቱ የሚባለው ሌላ ነው፣ ወንዙ ወንድ ነው ብለው ሊያስረዱኝ የሞከሩ ነበሩ፤ እኔ ግን አንድ ጊዜ ስም ሳልጠራ ቀርቼ የሆነውን አይቻለሁ። ሊያስቱኝ የሚፈልጉም መጡ። አንዱ ዶሮዎቹን ወደ ግቢዬ እየነዳ ይለቃል፤ ቃሉ ከአፌ ያመልጠኝ እንደሆነ ብሎ። ዶሮዎቹን እየያዝሁ በእጄ እመልስለታለሁ።

ችግሩ ያለው ታች አምባ ነበር። ታች አምባ ከእኛ በታች ያለ መንደር ነው፤ ከሰምበሌ በቀር ውሃ የለውም። ያለፈው ውሃ ወርዶ አለቀ። የወንዙ ድንጋይ ታየ። ዓሣው በየጉድጓዱ ተሰበሰበ፤ ጉድጓዱም ደረቀ። በኅዳር ከብቱ ከሳ፤ ጥጃ መሞት ጀመረ።

ስብሰባ ተጠራ። ስብሰባው የሆነው ወንዙ ላይ ነው፤ ሁለቱን መንደር የሚችል ሌላ ደልዳላ ቦታ አልነበረም። ሙሉሰው ተናገረ። ሙሉሰው ቅን ልጅ ነው፤ የሚለውን አምኖበት ነው የሚለው። ደምለው አንድ ሰው ነው አለ፤ ታች አምባ ግን ሙሉ መንደር ነው። ደግሞም አያ ቢያድግልኝ ገዳይ አይሆኑም አለ፤ አያ ቢያድግልኝ እኔ ነኝ። ያን ቀን ዝም ቢሉ ኖሮ ሰውየው ሞቶ ነበር፤ አሁን ቢለቁት ነገሩን ወደ ነበረበት መመለስ ብቻ ነው። ውሃ ተፈጥሮው መፍሰስ ነው፤ ከተፈጥሮው ያወጡት እርሳቸው ናቸው፤ ይመልሱት።

ንግግሩ ከበደኝ፤ በተለይ የመጨረሻው። ከኋላ አንድ የታች አምባ ሰው፣ ሌባውን እንዲህ የምወደው ከሆነ ቀፎውን መጀመሪያውኑ ለምን እንዳልሰጠሁት ጠየቀ። ሰው ሳቀ።

«አልወደውም» አልሁ። «ቀፎዬን ወስዶብኛል። ከዚያ በፊትም ድንበሬን ገፍቶብኛል። ከዚህ ሲወጣ እከሰዋለሁ።»

«ካልወደዱትማ ይልቀቁታ» አለ ሙሉሰው።

«ያን ቀን ዝም ብል ወንዙ ይገድለው ነበር። ዛሬ ያን ቃል ብናገር የምገድለው እኔ ነኝ። የወንዙ ተፈጥሮ መፍሰስ ነው፤ እውነትህን ነው። የእኔ ግን ሰው መግደል አይደለም።»

ይለቀቅ የሚል እጁን ያውጣ ተባለ። የሁሉም እጅ ወጣ ማለት ይቻላል። ከውሃው በላይ የቀረው የደምለው እጅ ይቆጠር አይቆጠር ለጊዜው አከራከረ። ሙሉሰው አይቆጠርም አለ። ባይቆጠርም ተሸንፌአለሁ። ቃሉ ግን ያለው በእኔ አፍ ነው፤ አፌን ከፍቶ ሊያወጣው የቻለ ድምፅ አልተገኘም። ከታች አምባ ጎረምሶች ሁለቱ ክንዴን ይዘው ወደ ደምለው አቀረቡኝ፤ አንዱ ዱላ ነበረው። መትተህ ብታናግረኝ የተናገርኸው አንተ ነህ አልሁት። አሰበበትና ዱላውን አወረደ።

በማግስቱ የደምለው ሚስት ይታክቱ ቤቴ መጣች።

«አያ፣ ይልቀቁት አልልዎትም፤ አይልቀቁትም አልልዎትም» አለች። «ግን እኔ ምን ልሁን? ጥቁር ልልበስ ወይስ ጋቢውን አጥቤ ልጠብቀው? ቢሞት አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። ጥሎኝ ቢጠፋም ረግሜው ይወጣልኝ ነበር። እንዲህ መሐል ላይ ላለ ሰው ምን ይባላል?»

ቀኑን እንዴት እንደምታሳልፈው ጠየቅኋት። ጠዋት ጠዋት ወደ ወንዙ እየወረደች ከፊቱ በላይ ያለውን ውሃ በነጠላዋ እንደምትወለውለው ነገረችኝ። አቧራ ይይዛል፤ አህያም ይረግጠዋል። ከዚያ አጠገቡ ተቀምጣ ታወራዋለች።

«ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ አድምጦኝ አያውቅም» አለች።

እርሷ ከሄደች በኋላ ነገሩን በዝግታ አሰብሁት። ቢላ የተሠራው ሊቆርጥ ነው። ቀፎ የተሠራው ንብ ሊኖርበት ነው። ነገር ሁሉ የተሠራበት ጉዳይ አለው፤ ያን ጉዳዩን በሚያፈርስ ሥራ ላይ ካዋልኸው፣ ማንም ባያይህ ልብህ ያውቀዋል። አባ ክንፉ ይህን ሕገ ልቦና ይሉታል፤ መጽሐፍ ሳይጻፍ ሰው በዚህ ይኖር ነበር ይላሉ። ታዲያ በሕግ አምላክ የሚለው ቃል የተሠራው ለምንድን ነው? ሰው በሕይወት እያለ ዳኛ ፊት እንዲደርስ ነው። በዚያ ቃል ያስቆምሁትን ሰው እኔው ዳኛ ሳያየው ወደ ገደል ብሰደው፣ ቃሉን ገለበጥሁት ማለት ነው። እስከዚህ ቀላል ነበር።

ከባዱ የታች አምባ ከብት ነው። ከብትም ሊጠማ አልተፈጠረም። አንድ ክፉ አልሠራም ብዬ ሌላውን ክፉ እጄን አጣጥፌ ካየሁ፣ ልቤ ንጹሕ ነው ማለት አልችልም። ማሳዬ መሐል ምንጭ አለኝ። ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በጋም አይነጥፍም። ዙሪያውን ጤፍ ዘርቼ ነበር፤ ሊታጨድ ደርሷል። አጥሩን ራሴ አፈረስሁና ለታች አምባ ከብታችሁን ንዱ ብዬ ላክሁ። ነዱ። ጤፉ እስከ ማታ እንኳ አልቆየም። ከብት ሲጠጣ ቆሜ አየሁ፤ መጀመሪያ ጤፉን ነበር የማየው፣ ኋላ ከብቱን አየሁ። ምንጩ ለሁሉ ስለማይበቃ ተራ አወጣን። ላልደረሰው ደግሞ እኔና ይታክቱ በጀሪካን እየቀዳን፣ አህያ ጭነን እንወርድ ነበር፤ እኔ ከፊት፣ እርሷ ከኋላ።

አገሬነሽ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። አገሬነሽ የታች አምባ ሴት ናት። ባሏ ሞቶባት ከብቷን ብቻዋን ታረባለች። ምላሷ ስለት ነው ይባላል።

«አያ ቢያድግልኝ፣ ሌባዎን አቅፈው ሰነበቱ አሉ» አለችኝ። «የማልባት ላሜ ዛሬ ሞተች። እርሷ ምን ሰረቀች?»

«ምንም።»

«ታዲያ ማን ፈረደባት?»

«እኔ ሳልሆን አልቀርም» አልሁ።

እንዲህ ያለ መልስ የጠበቀች አይመስለኝም። ከዚያ ሰውየውን ያሳዩኝ አለች።

ይዣት ሄድሁ። ውሃው ላይ ተንበርክካ ቁልቁል አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ከውሃው በላይ ያለውን እጁን ይዛ መዳፉን ገለበጠች። መዳፉ ውስጥ እሾህ ነበር፤ የግራሬ እሾህ ነው፤ ቀፎውን ሲያወርድ የተወጋው መሆን አለበት። በየቀኑ አይቼው እሾህ መሆኑን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። አገሬነሽ ከነጠላዋ ጫፍ መርፌ ቁልፍ ፈትታ እሾሁን አወጣችው። አንዲት ጠብታ ደም ተከትላ ወጣች። በአውራ ጣቷ ጠረገችው።

«ይሄማ ሰው ነው» አለች።

«ሰው ነው።»

«ሌባ ነው ብለውኝ ነበር እኮ የመጣሁት።» ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈች። «እንግዲህ ይልቀቁት አልልም። ግን እንዲህም አይኖርም። ሰውየውስ ይሁን፤ ወንዙ ምን አጠፋ? ያለ ክስ አስቁመው በጋ ሊገባ ነው።»

ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። አብረን ወደ አባ ክንፉ ሄድን። አባ ክንፉ ሴትዮዋ እውነቷን ነው አሉ። በሕግ የቆመ ወይ ይከሰሳል ወይ ይለቀቃል፤ ከሁለቱ ውጭ ማቆየት ግፍ ነው፤ ቋሚው ውሃ ቢሆንም ግፍነቱ አይቀርም። ለቅዳሜ ቀጠሩን።

ቅዳሜ ሁለቱም መንደር መጣ። አባ ክንፉ ወንዙ ላይ በርጩማ አስቀምጠው ተቀመጡ። ወንዙ አፍ ስለሌለው ስለ እርሱ የሚናገር ይቁም ተባለ። አገሬነሽ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዱላ ተቀብላ ቆመች። የድሮ ሙግት ያዩ ሽማግሌዎች ወደፊት ተጠጉ።

«ተጠየቅ» አለችኝ፣ በዱላው እየጠቆመች። ለወንዙ ስለቆመች አንተ ብትለኝ ሥርዓቱ ነው። «ሰማይ ያዘንባል፤ ምድር ቁልቁል ያዘነብላል። ቁልቁል ባለበት ብወርድ ምን አጠፋሁ?»

«አላጠፋህም» አልሁ።

«ደምለውን ና ግባ ብዬዋለሁ?»

«አላልኸውም።»

«ዋና የማይችል ሰው በሞላ ውሃ ቀፎ ተሸክሞ ሲገባ፣ ከንቦቹ አንዷን እንኳ ቢያማክር አይሻለውም ነበር?»

ሰው ሳቀ። አባ ክንፉ በመቋሚያቸው ውሃውን መትተው ጸጥ አሰኙ።

«በሕግ አምላክ ስትል ከእኔና ከደምለው የቆመ ማን ነው?»

«አንተ ነህ።»

«እንግዲያው ሕጉን ያከበርሁት እኔ ነኝ፤ ታስሬ የቆየሁትም እኔ ነኝ። ይህን ዳኛ ይይልኝ።»

ከዚህ በኋላ የሳቀ የለም። ተራው የእኔ ሆነ። ምርኩዜን በሁለት እጄ ያዝሁ።

«በመፍሰስህ አልከስህም» አልሁት። «ስላስቆምሁህም ይቅር በለኝ፤ ያልሁት ለሌላ ነበር። የያዝኸው ግን ያንተ አይደለም። ሰው የወንዝ አይደለም። በእጅህ የተገኘውን መልስ። ሌላ ክስ የለኝም።»

አባ ክንፉ ፊታቸውን ወደ ላይ አቀኑ። ከዚያ ፈረዱ።

«ውሃ መውረዱ ሕጉ ነው፤ ማንም ሊከለክለው አይገባም። መርጦ ላላደረገው ጥፋት የለበትም። ስለዚህ ይሂድ። ነገር ግን የራሱ ያልሆነውን አስቀምጦ ይሂድ።»

ሰው «ይበል» አለ።

አንድ ነገር ይቀራል። የቆመ ውሃ ምንም ነገር ማስቀመጥ አይችልም፤ ለማስቀመጥ መንቀሳቀስ አለበት። እንዲንቀሳቀስ እኔ ቃሉን መናገር አለብኝ። ከተንቀሳቀሰ በኋላ ፍርዱን ይፈጽም፣ ወይም ደምለውን ይዞ ይውረድ፣ የሚያውቅ የለም። ሙሉሰው ይህን ጠጋ ብሎ በጆሮዬ ነገረኝ። እኔም እስከ ቅዳሜ ሳወጣና ሳወርድ የከረምሁት ይህንኑ ነው። የደረስሁበት እንዲህ ነበር፤ ከደምለውና ከወንዙ ሰሚው ወንዙ ነው። አንዴ ስሙን ሳልጠራው ሰምቷል። ስሙን ጠርቼው፣ ፍርድ ተነቦለት አይሰማም የምልበት ምክንያት የለኝም። ያም ሆኖ ሰው በምክንያት ብቻ አይታመንም፤ የመጫኛ ገመዴን ይዤ መጥቻለሁ።

አንዱን ጫፍ በደምለው እጅ አንጓ፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን የገመዱን ክፍል በራሴ ወገብ አሰርሁ። ቋጠሮውን ደጋግሜ ሳብሁት። አባ ክንፉም ሰዉም ወደ ዳር ወጡ፤ ሌላውን ጫፍ ለእነርሱ ሰጠሁ። መጀመሪያ የያዘው ሙሉሰው ነው፤ ቀጥሎ አገሬነሽ፤ ከዚያም ያን ቀን ይለቀቅ ብለው እጃቸውን ያወጡት ሁሉ። ዱላ የነበረው ጎረምሳ ወገቡ ላይ ጠመጠመው። ይታክቱ አልያዘችም፤ ወደ እኔ መጣች።

«አያ፣ እርስዎ ከዳር ሆነው ቢሉትስ?»

«ቃሌ የሚያገኘው እርሱን ከሆነ፣ ራቅ ብዬ ልለው አልችልም።»

«ዋና ይችላሉ?»

«አልችልም። ገመዱ ለዚያ ነው።»

ተመልሳ ከገመድ ያዦቹ ኋላ ቆመች፤ የገመዱን የመጨረሻ ጫፍ በእጇ ጠቀለለች። እኔ ውሃው ላይ ተቀምጬ የደምለውን እጅ በሁለት እጄ ያዝሁ።

«ሰምበሌ» አልሁ፤ «ሂድ። ያንተ ያልሆነውን አስቀምጥ።»

ለጊዜው ምንም አልሆነም። ከዚያ ከላይ በኩል ድምፅ መጣ። የተቀመጥሁበት ለሰለሰ፤ ገባሁ። ውሃው አገጬ ደረሰ፤ ቀጥሎ አፌ። በጣም ብርድ ነበር። የደምለው ጣቶች መጀመሪያ ተዘረጉ፣ ከዚያ ተጨበጡብኝ። ፏፏቴው ሲያጓራ ሰማሁ። ገመዱ ተወጠረ፤ ወዲያው ላላ። ኋላ እንደነገሩኝ አልጎተቱንም፤ ለመጎተት ተረከዛቸውን ተክለው ሳለ ገመዱ ወደ እነርሱ መጣ። ውሃው ወደ ታች አልወሰደንም። ወደ ጎን ወሰደን። ዳር ሲደርስ ሸክሙን እንደሚያራግፍ ሰው አስቀመጠን።

ደምለው ሳለ፤ ውሃ ተፋ፤ ተነሥቶ ቆመ። ወደ እኔ አየ።

«አልቆምም» አለ።

ከዚያ ገመዱን አየ፤ ሰዉን አየ፤ ሚስቱን አየና ተቀመጠ። ይታክቱ ነጠላዋን አለበሰችው።

«ብዙ ነገር ነግሬሃለሁ» አለችው። «የቱን ሰማህ?»

«ሁሉንም» አለ፤ አንገቱን ደፋ።

እንደምከሰው ነገርሁት። እሺ አለ። አገሬነሽ ጆሮዋን ወደ ታች አድርጋ ቆማ ነበር። ውሃው በድንጋዩ መሐል ወደ ታች አምባ ሲወርድ ይሰማል፤ ዱላውን ጥላ ከኋላው ሮጠች፤ የመንደሯም ሰው ተከተላት።

ውሃው ግን ማስቀመጡን አላቆመም። ደምለው ከተቀመጠበት ትንሽ ከፍ ብሎ አንድ ሽማግሌ ዣንጥላ እንደያዙ ወጡ። ቀጥላ ጌሾ በጀርባዋ ያዘለች ሴት ወጣች። ቀጥሎ አሮጌ ጠመንጃ ያነገበ ሰው። ቀጥላ በቅሎ ላይ የተቀመጠች፣ ፊቷ የተሸፈነ ሙሽራ፤ በቅሎዋን የሚስበውም ከፊት አለ። አንዳንዱ የለበሰው እኔ በልጅነቴ የማውቀውን ነው፤ አንዳንዱ ቆዳ ለብሷል። ዳሩ ላይ ሲደርሱ የልብሳቸውን ጫፍ እየጨመቁ ለሚመጣው ቦታ ይለቃሉ። የጮኸ የለም። ከእኛም የሸሸ የለም፤ ገመዱን እንደያዝን ቆምን።

አባ ክንፉ የሰው ኮቴ ሰምተው ማን መጣ አሉኝ።

«ሰዎች ናቸው» አልሁ፤ «ወንዙ በየዘመኑ የወሰዳቸው።»

«ስንት ናቸው?»

«ገና እየወጡ ነው።»

ወደ እኛ አልመጡም። መንገደኛ የሞላ ውሃ እስኪጎድል ዳር ላይ እንደሚቀመጥ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ፊታቸውን ወደ ማዶ አድርገው በረድፍ ተቀመጡ። ጌሾ ያዘለችው ሴት ብቻ ወደ እኔ መጣች። ልጅ እግር ናት።

«አባቴ፣ ውሃው ጎደለ?» አለችኝ።

ምርኩዜን ከዳሩ ሰድጄ ለካሁት።

«ገና ነው» አልኋት።

አመስግና ተመለሰችና ከሙሽራዋ በቅሎ አጠገብ ተቀመጠች። ከቀሚሷ ጫፍ የሚንጠባጠበው ውሃ መሬት ሳይነካ፣ አየር ላይ እየዞረ፣ ወደ ወንዙ ይመለስ ነበር።